«ልጠብቅህ ወይስ ልርሳህ?»

ፍቅር ጥያቄ አያልቅበትም። «ትወደኛለህ?» አለ፤ «እናትህ ያውቁኛል?» አለ፤ «ደሞዝህ ስንት ነው?»ም አለ፣ ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ባይገኝም። ከሁሉም የምትከብደው ግን አንደኛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ በር ላይ ሲቆም የምትመጣዋ ናት። «መቼ ትመለሳለህ?»

ለትምህርት የሚሄድ መልስ አለው፤ አራት ዓመት ወይ አምስት ዓመት ይላል። ለሥራ የሚሄድም ቢሆን «ለፋሲካ ብቅ እላለሁ» ብሎ ያጽናናል። አገር ጠርታው የሚሄደውስ? ወታደር ቤት የሚገባው፣ ለዘመቻ የሚመዘገበው፣ በበጎ ፈቃድ ሩቅ አገር የሚመደበው ምን ብሎ ይመልስ? እሷስ ምን ብላ ትጠብቅ?

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጨዋታችን በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄዋ የፍቅረኞች ብቻ እንዳትመስላችሁ። መንግሥታትም ወጣቱን «ና አገልግል» ባሉ ቁጥር የተፈተኑት በዚህችው ጥያቄ ነው።

ቀን ትቆጥሪብኛለሽ?

ነገሩን እንድናነሳ ያደረገችን አንዲት የደብረ ብርሃን ወጣት ናት። ዕድሜዋ 22 ነው፤ አንድ የልብስ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ጓደኛዋ በሁለት ዓመት ይበልጣታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ወዲህ የቀን ሥራ ሲያገኝ ይሠራል፣ ሲያጣ ይቀመጣል። ሦስት ዓመት አብረው ቆይተዋል። ታዲያ አንድ ቀን ማታ ሰውየው ሳያማክራት ለመከላከያ ሠራዊት መመዝገቡን ነገራት። «ጠብቂኝ» አላት። «እስከ መቼ?» አለችው። እሱ ሆዬ ቱግ! «እኔ አገር ልጠብቅ ስሄድ አንቺ ቀን ትቆጥሪብኛለሽ?» ብሎ ተቆጣ። ይኸው ተኮራርፈዋል።

ጓደኞቿም ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሾቹ «የወደደ ይጠብቃል፣ ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል?» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «አንቺ ሞኝ! ወጣትነት እኮ ሁለቴ አይመጣም» ይሏታል።

ሁለተኛዋ የአንኮበር ልጅ ናት። በዲግሪ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ተንከራታለች። በመጨረሻ ወጣቶች ከአካባቢያቸው ርቀው በሚያገለግሉበት የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ልመዝገብ ብላ ተነሳች። አባቷ አሻፈረኝ አሉ። «ሴት ልጅ አሥር ወር ሙሉ ከማታውቀው አገር ምን ልትሠራ? ወግ ያለው ደሞዝ የለው፣ ዘመድ የለው!» እናቷ መሐል ቤት ተጨንቀዋል። በጎን ደግሞ ሽማግሌ ልላክ አልላክ የሚል ልጅ አለ። «ከሄደች ቀረች ማለት ነው» ብሎ እንቅልፍ አጥቷል።

ሁለቱ ልጆች አይተዋወቁም። ጭንቀታቸው ግን አንድ ነው። አንዷ የሚሄደውን እንዴት ልጠብቅ ትላለች፤ ሌላዋ ስሄድ ማን ይጠብቀኛል ትላለች። መልሱን ለማግኘት እስቲ ከእነሱ በፊት የሄዱትንና የጠበቁትን እንጠይቅ።

ስንቅ የቋጠረች አገር

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚያ ሆነው ገዝተዋል፤ ምኒልክም አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት ተቀምጠውባታል። በዚያ ዘመን ወታደር እንደ ዛሬው የደንብ ልብስና ደሞዝ አይጠብቅም። ክተት ሲባል መሣሪያውን ይዞ፣ ስንቁን አስቋጥሮ መውጣት ነው። ስንቁን የምታዘጋጀው ማን ሆነችና? ገብሱን ቆልታ በሶውን የምትፈጨው፣ እንጀራውን ድርቆሽ የምታደርገው ሴቲቱ ናት። ብዙዎቹም ቤት አልቀሩም። ውሃውንና እህሉን ተሸክመው፣ ቁስለኛውን እያከሙ አብረው ዘምተዋል።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ጠላት ባሕር ተሻግሮ ገብቷል፤ የሚኬደው እሱን ለመመለስ ነው። በየካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ድሉ ተገኘ። የተረፈው ሠራዊትም ወደየቀዬው ተመለሰ። ያልተመለሰው ብዙ ነው፤ ስንት ቤት ድንኳን ተጥሏል። ቢሆንም የት እንደሚኬድ፣ ለምን እንደሚኬድ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ወደ ቤት እንደሚገባ የሄደውም የቀረችውም ያውቁ ነበር።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የተማረ ሁሉ «ኃይለማርያም ማሞ» የሚለውን የትምህርት ቤት ስም ያውቃል። ሰውዬው ጣሊያን አገር ሲይዝ የተዋጉ የሸዋ አርበኛ ናቸው። እንዲህ ባለው ጊዜ ቀን አይቆጠርም። ቤት ሲቃጠል «እስከ ስንት ሰዓት ነው ውሃ የማመላልሰው?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት የለም። ይሮጣል እንጂ!

ጣጣው የሚመጣው ሌላ ጊዜ ነው። ቤቱ ሳይቃጠል፣ ወይም እሳቱን ማን እንደለኮሰው ሳይታወቅ «ና ውሃ አምጣ» ሲባል ሰው መጠየቅ ይጀምራል። መጠየቁም ፍርሃት አይደለም።

ተማሪው ሲዘምት

ጠመንጃ የሌለው አገልግሎትም አለ። በ1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መላክ ጀመረ። «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ይባል ነበር። ዲግሪ የፈለገ ይሄዳል፤ ግዴታ ነው። አብዛኞቹ በየክፍሉ ቆመው አስተማሩ። የከተማው ልጅ ቁንጫና ጭቃ አየ፤ የገጠሩ ተማሪ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሰው በዓይኑ አየ። ማጉረምረም አልጠፋም። ግን ተማሪው ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሶ ትምህርቱን እንደሚጨርስ ያውቃል፤ የምትጠብቀውም ልጅ የቀን መቁጠሪያ ገዝታ መጠበቅ ትችላለች።

ቀጥሎ ታላቁ ዘመቻ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ «የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ»ን ጀመረ። ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ተበተኑ። ሁለት ወር ከምናምን ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ዘማቹ ከማስተማርም አልፎ ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ገባ። ብዙው በደስታ ነበር የወጣው። «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲጮህ የኖረ ወጣት ነዋ!

ግን ውሎ ሲያድር ነገሩ ተበላሸ። ዘማቹ በአንድ በኩል ከባለ መሬቱ፣ በሌላ በኩል ከመንግሥቱ ሹማምንት ጋር ተጋጨ። የሞተም፣ የታሰረም፣ ጥሎ የጠፋም ነበር። በ1968 ዓ.ም. ዘመቻው ሲያበቃ ከተማ የጠበቀው ደግሞ ሌላ እሳት ነው። ከዚያ ትውልድ ካኪውን ለብሶ የተፋቀረ፣ ተመልሶ ግን ጓደኛውን በእስር ቤት ደጃፍ ስንቅ ይዞ የፈለገ ስንቱ ነው?

የተሻለ ስም ትቶ ያለፈው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በ15 ቋንቋዎች ተማረበት። እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት ተሰጠው። ዘመቻው በዙር ነበር፤ ዙሩ ይጀመራል፣ ዙሩ ያልቃል። ዛሬ መነጽራቸውን አድርገው ዳዊት ከሚደግሙ አያቶች መካከል ፊደል የቆጠሩት በዚያ ዘመቻ የሆኑ ብዙ ናቸው። ውጤቱ በዓይን የሚታይ አገልግሎት ይሉሃል ይሄ ነው።

ሁለት ዓመት ተኩል የተባለው

አሁን ወደ መራራው እንምጣ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ይሆናል ይላል። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ምን ችግር አለው? ቀኑ ተቆርጧል» ይላል። የፍቅረኛዋም ጥያቄ መልስ ያገኘች ይመስላል፤ ሁለት ዓመት ተኩል ብላ ትጠብቃለች።

ነገር ግን የሰሜኑ ጦርነት የሚያልቅ አልሆነም። ኮታ ለቀበሌውና ለገበሬ ማኅበሩ ተደለደለ። ኮታ መሙላት ያለበት ሊቀመንበር ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም። አፈሳ የሚባል ቃል በየቤቱ ገባ። ልጅ ጎተራ ውስጥ ተደበቀ፣ ወፍጮ ቤት የተላከ ሳይመለስ ቀረ። ሁለት ዓመቱን የጨረሰውም «ትንሽ ቆይ» ተባለ። ያቺ ትንሽ ዓመታት ወለደች። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ወታደር የጫነው መኪና በደጇ ሲያልፍ ልጅ የላከች እናት ሁሉ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር።

አንዲት ዕድሜያቸው ስልሳ ሊሞላ የተቃረበ እናት የነገሩን ታሪክ አለ። በ1977 ዓ.ም. ገና የስምንት ወር ሙሽራ ሳሉ ባላቸው ተወሰዱ። «ሁለት ዓመት ተኩል ነው ብለውኛል። እኔም ቆጠርኩ። በግድግዳው ላይ በከሰል እያሰመርኩ ቆጠርኩ» ይላሉ። ቀኑ ደረሰ፤ ሰውየው የሉም። ሌላ ዓመት ተጨመረ። ደብዳቤ መጣ፣ ቀረ። ወንድሞቻቸው «ይበቃሻል፣ ሌላ አግቢ» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። እምቢ አሉ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ባላቸው በእግራቸው፣ ያለ ጫማ ገቡ።

«ታዲያ መጠበቅዎ ቆጭቶዎት ያውቃል?» አልናቸው።

«መጠበቁ አይደለም የጎዳኝ» አሉ፤ «የተነገረኝ ቀን ውሸት መሆኑ ነው። ስድስት ዓመት ነው ብለው ቢነግሩኝ የስድስት ዓመት ልብ አዘጋጅ ነበር። የሁለት ዓመት ተኩል ልብ ይዤ ስድስት ዓመት አስጠበቁኝ።»

እኚህ እናት በሁለት ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን ነገር ስንት ስብሰባ አልተናገረውም!

መጨረሻው ደግሞ ከሁሉ ባሰ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከትምህርት ገበታቸው አንስቶ ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ላከ። ሥልጠናው ሳያልቅ መንግሥት አለቀ። ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ለወራት ሥልጠና ብሎ ቤቱን የተሰናበተ ተማሪ ስደተኛ ሆኖ ቀረ። የሠራዊቱም ዕጣ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ያ ሁሉ ወታደር ሲበተን አንዳንዱ በየመንገዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እጁን ዘረጋ። «አገልግል» ያለው ብዙ ነበር፤ «እንኳን ደህና መጣህ» ያለው ግን ጥቂት ነው።

ዛሬስ?

ዛሬ የብሔራዊ ውትድርና ግዴታ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዴታ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ወታደራዊ አገልግሎትን፣ የኅብረተሰቡን ሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ሲመጣ የሚሰጥ አገልግሎትን የመሳሰሉትን ግን በልዩ ሁኔታ ያያቸዋል። መከላከያ ሠራዊት የሚመለምለው በፈቃደኝነት ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላው አይገባም። ሕጉ ይህ ነው።

ኑሮው ግን ሁልጊዜ ከሕጉ ጋር እኩል አይራመድም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ብዙ ወጣት ወዶ ተመዘገበ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መንግሥት አቅም ያለው ሁሉ ለጦርነቱ እንዲነሳ ጥሪ አቀረበ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ መጣ። ደብረ ብርሃን ያን ጊዜ የተፈናቀለ አስተናግዳለች፣ ልጅም ልካለች። ያኔ «እስከ መቼ?» ያለ ጥቂት ነው፤ እሳቱ ደጃፍ ላይ ነበራ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ለሰሜን ሸዋ ሰው ጥሪውን ሁሉ ከባድ አድርጎበታል። አንዱ ልጅ በአንዱ ወገን፣ ሌላው በሌላው ወገን የቆመበት ቤት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እናት ለማን ስንቅ ትቋጥር? ይህን ጥያቄ በአንድ ገጽ ጽሑፍ እንመልሳለን ብንል ድፍረት ይሆንብናል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ከተሞች ለውትድርና ተብለው ያለ ፈቃዳቸው የተያዙ ሰዎች፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ጭምር መኖራቸውን ገልጾ እንዲለቀቁ ጠይቋል። አፈሳ የሚለው ቃል ከታሪክ መጽሐፍ ወጥቶ ሲመጣ ወጣቱ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ከጠመንጃ ውጭ ያለውም ጥሪ ብዙ ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ አለ፤ የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ፣ ደም መለገስ፣ ታናናሾችን ማስጠናት። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ተከላ አለ። የሰላም ሚኒስቴር ደግሞ «በጎነት ለአብሮነት» በሚል ስም ወጣቶችን አሠልጥኖ ከትውልድ አካባቢያቸው ውጭ ሲያሰማራ ቆይቷል። የአንኮበሯ ልጅ ዓይኗን የጣለችው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የማያውቁትን አገር ሰው ማወቅ። ወላጅ ግን ሐሳቡን ብቻ አያይም። መንገዱን ያያል፣ ሰላሙን ያያል፣ «ታማ ብትተኛ ማን ያስታምማታል?» ይላል። መብቱም ነው።

ጎረቤት ምን ይላል?

እኛ ብቻ አይደለንም በዚህ ጥያቄ የተያዝነው። ናይጄሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቷ ከወጣች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ተመራቂዎቿን ከትውልድ ግዛታቸው ውጭ ለአንድ ዓመት የምታሰማራበት ፕሮግራም ጀመረች። እስከ ዛሬ አለ። ስለ ደኅንነቱ የሚያማርረው ብዙ ነው። ቢሆንም ዓመቱ አንድ ዓመት ነው። ከሌላ ብሔረሰብ ሰው ጋር ተዋውቆ እዚያው ትዳር የያዘም አለ።

ወደ ሰሜን ጎረቤታችን ስትሄዱ ደግሞ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣችው አዋጅ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ግን የብዙ ሰው አገልግሎት ማለቂያው የማይታወቅ ሆነ። ድንበር አቋርጠው ከተሰደዱት ወጣቶች መካከል «ለምን ወጣህ?» ቢባሉ ይህንኑ የሚመልሱ እጅግ ብዙ ናቸው።

አያችሁ ልዩነቱን? አንዱ ጋ ወጣቱ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሌላው ጋ ወጣቱ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረው፤ ወይ መቅረት ወይ መጥፋት። ወጣት አገሩን ስለጠላ አይደለም የሚሸሸው። ሕይወቱን መቼ እንደሚጀምር ሲያጣ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ወደ ሁለቱ ልጆቻችን እንመለስ። ምክራችን ለእነሱ ብቻ ሳይሆን ለምትሄዱትም ለምትጠብቁትም ነው።

አንደኛ፣ ከመፈረምህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። የት ነው የምሄደው? ለምን ነው የምሄደው? እስከ መቼ ነው? ሦስተኛውን በቃል አትቀበል። የምትፈርመውን ወረቀት አንብብ፤ ዓመቱን፣ ደሞዙን፣ ብታመምና ብትጎዳ የሚደረግልህን፣ የምትለቅበትን መንገድ ተመልከት። ያልገባህን ጠይቅ። ፈቃድህን ብሎ የጠራህ አካል በጥያቄህ አይቀየምም። ከተቀየመ ግን እሱ ራሱ አንድ መልስ ነው።

ሁለተኛ፣ ለምን እንደምትሄድ ራስህን አትዋሽ። ሙያውን ወደህ፣ አገርህን ማገልገል ፈልገህ ከሆነ ጥሩ፤ ቀጥል። ከፍቅረኛህ ተጣልተህ «ታየኛለች!» ብለህ ከሆነ ግን ተው፤ ኩርፊያ በሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ፊርማው አያልፍም። ሥራ ማጣት ብቻ ከሆነም የሚገፋህ፣ ቢያንስ ሌላውን በር አንኳኩተህ ሂድ። ሥራ ፈላጊ ሆኖ የገባ ወታደር መጥፎ ወታደር ይሆናል አንልም። ግን የገባበትን ያልመረጠ ሰው ቶሎ ይሰለቻል።

ሦስተኛ፣ ለደብረ ብርሃኑ ጎረምሳ ይድረስ። «እስከ መቼ?» ማለቷ ክህደት አይደለም። የማትጠብቅህ ልጅ ቀን አትጠይቅም፤ ዝም ብላ ትሸኝሃለች። ቀን የጠየቀችህ ልትቆጥር ነው። አንተ ደግሞ ከመመዝገብህ በፊት ልታማክራት ይገባ ነበር። አገር ይፈቅድልሃል፣ እሷም አስተያየቷን ትሰጥሃለች። ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። ከዚያ የምታውቀውን ቀን ንገራት። የማታውቀውን «አላውቀውም» በላት። ውሸት ቀን አትስጣት።

አራተኛ፣ ለምትጠብቂው። የራስሽን ቀን ቁረጪ። «እስከዚህ ድረስ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» በይ። እስከዚያው ግን ሕይወትሽን በረዶ ውስጥ አታስቀምጪ። ተማሪ፣ ሥሪ፣ ቆጥቢ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ሳቂ። ጥሩ ጠባቂ ማለት መስኮት ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ አይደለችም። ሲመጣ የሚመጣበት ሰው ሆና የምትቆይ ናት። ቀኑ ካለፈና ልብሽ ከደከመ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ዕድሜሽን አታቃጥዪ። ግን በደብዳቤም ይሁን በስልክ ራስሽ ንገሪው፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ።

አምስተኛ፣ ለስንብት ብላችሁ ችኮላ ውስጥ አትግቡ። «ከመሄዴ በፊት ሰማንያ እንፈራረም»፣ «ከመሄዴ በፊት ልጅ እንውለድ» የሚባል ነገር አለ። ጣቢያ ሄዶ የሚቀረው ስንቱ ነው? ልጅ የሚያሳድገው ማነው? ትዳሩ ከዚያ በፊት የበሰለ ከሆነ ይሁን፤ መርቁና ተጋቡ። ገና ጥሬ ከሆነ ግን የስንብት ማታ አያበስለውም። ሄዶ ሲመለስም፣ እሷም ብትሆን፣ ሁለታችሁ አብራችሁ ሄዳችሁ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጉ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ሁለታችሁንም መጠበቅ ነው።

ስድስተኛ፣ የመገናኛውን ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ስልክ የማይሠራበት ቦታና ጊዜ ብዙ ነው፤ ያንን ያለፉትን ዓመታት የኖረ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ «ሦስት ቀን ካልደወለ ትቶኛል» አይባልም። የሁለታችሁንም ቤተሰብ የሚያውቅ አንድ የታመነ ሰው መሐል ይኑር፤ እህቱ ትሁን፣ አክስትሽ ይሁኑ፣ ወሬ የሚያቀብል። ገንዘብ የምትልክ ከሆነም ለማን እንደምትልክ፣ ማን እንደሚያወጣ፣ ውክልናውን በሕግ አስጨርስ። በገንዘብ የተነሳ ስንት ዘማች ከወንድሙ ጋር ተካሷል!

ሰባተኛ፣ ለአንኮበሩ አባት። አባታችን፣ ጭንቀትዎ ይገባናል። ግን «ሴት ናት» የሚለውን ትተው «ቦታው ሰላም ነው ወይ? ማን ይቀበላታል? የት ታድራለች? ከስንት ልጆች ጋር ነው የምትሄደው?» ብለው ይጠይቁ። ከተመለሱልዎ ይመርቋት። ካልተመለሱልዎ እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ እሷም ብትቀር ይሻላታል። ሽማግሌ ልላክ አልላክ የምትለው ልጅም፣ አሥር ወር ያልጠበቀ ፍቅር አሥር ዓመት ትዳር አይችልም። ሐሳብህን ከመሄዷ በፊት ንገራት፤ ከዚያ ጠብቅ። ደግሞ ምን አለበት፣ አንዴ እንኳ ወንዱ ጠባቂ ቢሆን?

ስምንተኛ፣ የተመለሰውን ስለመቀበል። ይህችን ብዙ ሰው ይረሳታል። ከጦር ሜዳ የመጣ ልጅ የሄደው ልጅ አይደለም። ሌሊት የሚባንን አለ፣ በር ሲጮህ የሚደነግጥ አለ፣ በትንሽ ነገር የሚቆጣ አለ፣ ዝም የሚል አለ። «ስንት ገደልክ?» ብለህ የምትጠይቅ የሰፈር ልጅ፣ እባክህ አፍህን ያዝ። አንቺም «እንደ ድሮው አይደለህም» ብለሽ ቶሎ አትፍረጂ። ጊዜ ስጪው፣ ሲናገር ስሚው፣ ካልተናገረም አታስጨንቂው። ነገሩ ወራት ከቆየ፣ መጠጥ ካበዛ፣ እጅ ማንሳት ከጀመረ ግን ጠበልም ይሁን ጸሎት እንደ እምነቱ ሆኖ፣ ሐኪም ጋ መውሰድ የግድ ነው። እጅ ከተነሳብሽ ደግሞ ጦርነቱ ነው ብለሽ አትታገሺ፤ መጀመሪያ ራስሽን አድኚ።

ለሚጠሩትም አንድ ቃል

ይህ ገጽ የፍቅርና የኑሮ ገጽ ነው፤ ለባለሥልጣን ትእዛዝ አይሰጥም። ግን ወጣቱን ለሚጠራ ሁሉ፣ ቀበሌ ይሁን ሚኒስቴር፣ ከጠባቂዎች ወገን ሆነን አንድ ነገር እንላለን። የደብረ ብርሃን ብርድ የለመደ ወጣት ችግር አይፈራም። ጎርፍ ሲመጣ፣ ተፈናቃይ ሲመጣ፣ ማንም ሳይጠራው ወጥቶ ሲሠራ ታይቷል። እሱን ለማስነሳት ባንዲራና ማይክሮፎን ብቻ አይበቃም። የት እንደሚሄድ ንገሩት። ለምን እንደሚሄድ አሳምኑት። የሚመለስበትን ቀን ጻፉለት፣ የጻፋችሁትንም ቀን አክብሩ። ሲመለስም ሥራና ክብር ይጠብቀው።

በሶውን የምትቋጥርለት ልጅ ለስንት ቀን እንደምትቋጥር ማወቅ አለባት።